ማውለቅ ወይስ ማስተካከል? ከፍታቸው በተጨመረ የመስክ ተሽከርካሪዎች ላይ የማረጋጊያ ዘንግን በአነስተኛ ወጪ ስለማሻሻል፦ የደባርቅ–ዛሪማ መንገድ እንደ ማሳያ

መነሻ

ከጎንደር ተነስቶ በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ የሚጓዝ ተሽከርካሪ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ በደጋው ጀርባ ላይ ይሄዳል። ከደባርቅ በኋላ መንገዱ ጠባዩን ይለውጣል። በጣሊያን ወረራ ዘመን በገደሉ ላይ የተቀየሰው የሊማሊሞ ቁልቁለት እየተጠማዘዘ በአጭር ርቀት ከሺህ ሜትር በላይ ወርዶ ወደ ዛሪማ ቆላ ያደርሳል። በሌላ አቅጣጫ ደግሞ ከደባርቅ በሳንቃበርና በጨነቅ አድርጎ የቧሂትን ማለፊያ ተሻግሮ ወደ ጃናሞራ የሚዘልቀው የጠጠር መንገድ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል። በአካባቢው የሚሠራ የመስክ ተሽከርካሪ በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ አንዳንዴም በአንድ ቀን ውስጥ፣ በአስፋልት ላይ በፍጥነት መሄድ፣ በጠባብ ኩርባ ቁልቁለት መውረድና በድንጋያማ መንገድ ላይ በዝግታ መውጣት ይጠበቅበታል።

ለሦስተኛው ዓይነት መንገድ ሲባል ብዙ ባለንብረቶች የተሽከርካሪያቸውን ከፍታ ይጨምራሉ። ረዘም ያለ ሞላ ይገጠማል፣ በባሌስትራው ላይ ተጨማሪ ቅጠል ይደረባል ወይም ተለቅ ያለ ጎማ ይታሰራል። ከዚህ በኋላ አንድ ጥያቄ ይነሳል፤ ከአዲሱ ከፍታ ጋር መጣጣም ያቃተው የማረጋጊያ ዘንግ (በጋራዥ ቋንቋ ስታቢላይዘር) ምን ይደረግ? ቀላሉና ወጪ የሌለው መልስ አውልቆ መጣል ነው። የዚህ ጽሑፍ አቋም ከዚህ ይለያል። ሰው ጭኖ ሊማሊሞን በሚወርድ ተሽከርካሪ ላይ ዘንጉን ማውለቅ ስህተት ነው፤ በአካባቢው ጋራዥና ቶርኖ ቤት አቅም፣ በጥቂት ቡሎኖች፣ ጎሚኒዎችና የብረት ቁራጮች ወደ ትክክለኛ ሥራው መመለስ ይቻላል። ይህን በልኬት ማረጋገጥም ለድኅረ ምረቃ ምርምር የሚመጥን፣ እስካሁን ግን ተገቢው ትኩረት ያልተሰጠው ሥራ ነው።

የዘንጉ ሥራ

የማረጋጊያ ዘንግ የተወሳሰበ ዕቃ አይደለም። በመሠረቱ የመካከለኛው ክፍሉ በሻንሲው ወይም በአክስሉ ላይ በጎሚኒ የተያዘ፣ ሁለቱ ጫፎቹ እንደ ክንድ የታጠፉና በአጫጭር ማያያዣዎች ከግራና ከቀኝ ጋር የተገናኙ የሞላ ብረት ነው። ለዚህ ዓይነቱ መሣሪያ የመጀመሪያው የፈጠራ መብት በካናዳ እ.ኤ.አ. በ1919 እንደተሰጠ ይጠቀሳል፤ መሠረታዊ አሠራሩም ከዚያ ወዲህ ብዙ አልተለወጠም።

ሁለቱም ጎማዎች እኩል ሲነሱ ዘንጉ በጎሚኒዎቹ ውስጥ ይሽከረከራል እንጂ ተቃውሞ አያሳይም። አንዱ ጎማ ብቻ ሲነሳ ወይም አካሉ በኩርባ ላይ ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብል ግን ዘንጉ ይጠማዘዛል፤ በመጠማዘዙም ማዘንበሉን ይቃወማል። ግትርነቱ ከውፍረቱ አራተኛ ርቢ ጋር ይጨምራል፤ የ25 ሚሊ ሜትር ዘንግ በ28 ሚሊ ሜትር ቢተካ ሌላው ሁሉ ሳይለወጥ ግትርነቱ በ57 በመቶ ገደማ ያድጋል። በተቃራኒው የክንዱ ርዝመት ሲጨምር በጎማው ላይ የሚሰማው ግትርነት በርዝመቱ ካሬ መጠን ይቀንሳል። ከእነዚህ ሁለት ግንኙነቶች የሚከተለው መደምደሚያ፣ በዘንጉ ዙሪያ የሚደረግ ጥቂት ሚሊ ሜትር ወይም ጥቂት ሳንቲ ሜትር ለውጥ በተሽከርካሪው ጠባይ ላይ ከሚገመተው በላይ ውጤት ያስከትላል የሚል ነው።

ከፍታ ሲጨመር የሚፈጠረው

አንድ ተሽከርካሪ በ5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ተደርጓል እንበል። ዘንጉ በሻንሲው ላይ የተያዘ ከሆነ መያዣው ከአካሉ ጋር 5 ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ ይወጣል፤ የክንዶቹ ጫፎች ግን ከአክስሉ ጋር እንደተያያዙ ይቀራሉ። ክንዱ 25 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ካለው፣ ቀድሞ አግድም የነበረው አሁን በቆመበት ወደ 11.5 ዲግሪ ያዘቀዝቃል ማለት ነው። ጎማው በጉድጓድ ላይ ተጨማሪ 12 ሳንቲ ሜትር ሲወርድ ደግሞ ማዘቅዘቁ 43 ዲግሪ ይደርሳል። በዚህ ሁኔታ ክንዱና ማያያዣው በአንድ መስመር ላይ ወደመዋል ይቃረባሉ፤ ማያያዣው በተሳሳተ አቅጣጫ ሊገለበጥና የፍሬን ቱቦን ወይም የመሪ ዘንግን ሊነካ ይችላል። ጎሚኒዎቹም ባልታሰቡበት ማዕዘን እየተጨነቁ ቶሎ ይበላሉ።

አሽከርካሪው ይህን ሁሉ የሚያውቀው በድምፅ ነው። ከፊት ተደጋጋሚ ኳኳታ ይሰማል፤ ማያያዣው ይሰበራል፤ አዲስ ይገዛል፤ እንደገና ይሰበራል። ዘንጉን የማውለቅ ውሳኔ በአብዛኛው ከዚህ ተደጋጋሚ ወጪ የሚመነጭ እንጂ ከግዴለሽነት አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ የጣለው ከፍተኛ ታክስ፣ እንዲሁም ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን መደረጉ፣ ያለውን መኪና ጠግኖ ማቆየትን ከምርጫ ይልቅ ግዴታ አድርገውታል። ከውጭ የሚመጣ ሙሉ የማሻሻያ ዕቃ ለአብዛኛው ባለንብረት የሚደረስበት አይደለም። ስለሆነም ትችቱ ባለጋራዡ ላይ ከመውደቁ በፊት የተሻለና ርካሽ አማራጭ ሊቀርብለት ይገባል።

ማውለቅን የሚደግፈው ክርክርና ገደቡ

ማውለቅን የሚደግፉ ወገኖች መሠረት ያለው ነጥብ አላቸው። በድንጋያማና በተቦረቦረ መንገድ ላይ ዘንጉ የአክስሉን ነፃ እንቅስቃሴ ይገድባል። አንዱ ጎማ ድንጋይ ላይ ሲወጣ ሌላው መሬት መርገጥ አቅቶት በአየር ላይ ይሽከረከራል። ዘንጉ ሲወልቅ አራቱም ጎማዎች መሬት የመያዝ ዕድላቸው ይጨምራል። ታላላቅ አምራቾችም ይህን ቅራኔ ያውቁታል፤ ቶዮታ በአንዳንድ ላንድ ክሩዘሮቹ ላይ ሁለቱን ዘንጎች በዘይት ግፊት የሚያገናኝና በዝግታ ጉዞ የሚያላላ ሥርዓት ገጥሟል፤ የጂፕ ራንግለር ሩቢኮን ደግሞ የፊቱን ዘንግ በማብሪያ ማጥፊያ የሚያላቅቅ ሥርዓት አለው። ሁለቱም መፍትሔዎች ግን የሚናገሩት አንድ ነገር ነው፤ ዘንጉ በዝግታ ጉዞ ይላላ እንጂ ፍጥነት ሲጨምር ወደ ሥራው ይመለስ። ዘንጉን ለዘለቄታው የጣለ የለም።

ከዚህም በላይ ማውለቅ የሚዛን ጥያቄ ያስነሳል። ከኋላ ግትር ባሌስትራ፣ ከፊት ለስላሳ ሞላና ዘንግ ያለው ተሽከርካሪ የፊቱ ዘንግ ሲወልቅ የፊት ክፍሉ ማዘንበልን የመቃወም ድርሻ ይወርዳል። በኩርባ ላይ የሚተላለፈው ጭነት ይበልጡን በኋላ ጎማዎች ላይ ያርፋል። በቁልቁለት ኩርባ ፍሬን ሲያዝ ደግሞ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ የኋላው ይቀላል። የሁለቱ ድምር የኋላው ክፍል ከመስመር የመውጣት ዝንባሌውን ያጎላዋል። ሊማሊሞ ከሞላ ጎደል የዚህ ዓይነት ኩርባ ተከታታይ ነው። በዘመናዊ ተሽከርካሪዎች ላይ ይህን የሚያርመው ኤሌክትሮኒክ የመረጋጋት መቆጣጠሪያ በአሮጌ የመስክ ተሽከርካሪዎች ላይ የለም። ስለዚህ በአንድ ጠፍጣፋና ድንጋያማ ሜዳ ላይ ብቻ ለሚሠራ መኪና ተገቢ ሊሆን የሚችለው ውሳኔ፣ ተሳፋሪ ይዞ ከደባርቅ ወደ ዛሪማ ለሚወርድ መኪና ተገቢ አይሆንም።

በአነስተኛ ወጪ ሊደረጉ የሚችሉ ማሻሻያዎች

የመጀመሪያውና ከሁሉ ርካሹ እርምጃ ጎሚኒዎችን መለወጥ ነው። በተበላ ጎሚኒ የተያዘ ዘንግ ልቅነቱ እስኪያልቅ ድረስ ምንም ሥራ አይሠራም፤ አካሉ መጀመሪያ ያዘነብላል፣ ከዚያ በድንገት ይያዛል። ብዙ ጊዜ «ዘንጉ አይጠቅምም» የሚባለው ዘንጉ በሥራ ላይ ስላልነበረ ነው። የተገዛ ጎሚኒ ከሌለ ከጠንካራ ላስቲክ በልክ ተቆርጦ ሊሠራ ይችላል፤ ሆኖም ዘንጉን ሳያፍን ጥብቅ አድርጎ መያዙ መረጋገጥ አለበት።

ሁለተኛው የማያያዣውን ርዝመት መጨመር ነው። መርሁ ቀላል ነው፤ ተሽከርካሪው በራሱ ክብደት በደልዳላ መሬት ላይ ሲቆም የዘንጉ ክንዶች ከፍታው ከመጨመሩ በፊት ወደነበሩበት አቋም መመለስ አለባቸው። በግትር አክስል ላይ ይህ በአብዛኛው ማያያዣውን በተጨመረው ከፍታ ልክ ማስረዘም ማለት ነው፤ 5 ሳንቲ ሜትር ከተነሳ 5 ሳንቲ ሜትር። አዲሱ ማያያዣ በቶርኖ ከወፍራም ዘንግ ሊወጣ ይችላል። የተሰበረን ማያያዣ መካከሉን ቆርጦ በብየዳ ማስረዘም ግን ብየዳውን በየጊዜው በሚገለባበጥ ጭነት ሥር ስለሚያስቀምጠው የሚመከር አይደለም።

ሦስተኛው ዘንጉ በሻንሲው ላይ ለተያዘባቸው ተሽከርካሪዎች የሚያገለግል ነው። በመያዣውና በሻንሲው መካከል በተጨመረው ከፍታ ልክ የብረት ቁራጭ (ታኮ) ይገባል፤ ዘንጉ በሙሉ ወደ ታች ይወርዳል፣ የፋብሪካው ማያያዣም ሳይለወጥ ያገለግላል። ታኮው ባዶና ስስ ቧንቧ ሳይሆን ሙሉ ብረት መሆን አለበት። ቡሎኖቹ በታኮው ልክ ረዘም ያሉ፣ በራሳቸው ላይ 8.8 ወይም 10.9 የሚል የጥንካሬ ምልክት ያለባቸው፣ ዳዷቸውም የማይፈታ ዓይነት ሊሆን ይገባል። ምልክት የሌለው የግንባታ ቡሎን በዚህ ቦታ መጠቀም የማሻሻያውን ትርጉም ያጠፋዋል። ታኮው በረዘመ መጠን ቡሎኑ የሚሸከመው የመታጠፍ ጫና ስለሚያድግ ይህ ዘዴ ለመጠነኛ ከፍታ ብቻ የሚሆን ነው።

አራተኛው በእጅ የሚላቀቅ ማያያዣ ነው። በአንዱ ጫፍ ቡሎኑ በፒንና በመቆለፊያ ቀለበት ይተካል። አሽከርካሪው የጠጠር መንገዱ ሲጀምር ሁለቱንም ወገኖች ፈትቶ ዘንጉን ወደ ላይ ያስራል፤ ወደ ዋናው መንገድ ሲመለስ ይገጥማል። ዘዴው የሁለቱንም ወገን ክርክር ያስታርቃል፤ አደጋው ግን መርሳት ነው። አንዱን ወገን ብቻ ፈትቶ መንዳት ወይም ሳይታሰር የተንጠለጠለ ክንድ ጎማ እንዲነካ መተው ከማውለቅ የባሰ ነው። ስለሆነም ይህ ማሻሻያ ተሽከርካሪው በአንድ ቋሚ አሽከርካሪ እጅ ሲሆን እንጂ በየቀኑ እጅ ለሚቀያየር መኪና አይመከርም።

በማናቸውም ሁኔታ መደረግ የሌለበት አንድ ነገር አለ፤ ዘንጉን ራሱን መበየድ ወይም በእሳት አግሎ ማጠፍ። ዘንጉ ጥንካሬውን ያገኘው በፋብሪካ በተደረገለት የሙቀት ሕክምና ነው። የብየዳ ሙቀት በዙሪያው ያለውን ብረት አንዱን ሥፍራ ያለሰልሳል፣ ሌላውን ተሰባሪ ያደርጋል። ዘንጉ በሺዎች ለሚቆጠሩ ጊዜያት ስለሚጠማዘዝ ስንጥቁ ከዚያ ቦታ ይጀምራል፤ ስብራቱም የሚመጣው በቆመበት ሳይሆን ጭነቱ በበዛበት ኩርባ ላይ ነው።

ማንኛውም ማሻሻያ ከተገጠመ በኋላ ከጉዞ በፊት አንድ ፈተና ያስፈልገዋል። ተሽከርካሪው በክሪክ ተነስቶ፣ ሻንሲው በጽኑ ድጋፍ ላይ ካረፈ በኋላ፣ ጎማዎቹ እስከ መጨረሻው እንዲንጠለጠሉ ይደረጋል፤ ቀጥሎ አንዱ ወገን እስከ መጨረሻው ይነሳል። በሁለቱም ጫፎች ማያያዣው መገልበጥ፣ ዘንጉ የፍሬን ቱቦን፣ የመሪ ዘንግን ወይም ጎማን መንካት የለበትም። ይህ ፈተና ምንም የገንዘብ ወጪ የለውም።

ዘንጉ የማይመልሰው

የማሻሻያው ደጋፊዎች የማያነሱት፣ ነገር ግን ሊሸሸግ የማይገባው ገደብ አለ። ዘንጉ የአካሉን ማዘንበል ይቀንሳል እንጂ የክብደት ማዕከሉን ወደ ታች አያወርድም። የመገልበጥ ዝንባሌ በመጀመሪያ ደረጃ የሚወሰነው በግራና በቀኝ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት ግማሽ ለክብደት ማዕከሉ ከፍታ ሲካፈል በሚገኘው ንጥጥር ነው። የአሜሪካ የትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤትም ከ2001 እ.ኤ.አ. ወዲህ ተሽከርካሪዎችን በመገልበጥ ሥጋት ደረጃ ለማውጣት የተመሠረተው በዚሁ ንጥጥር ላይ ነው።

ለማሳያ ያህል፣ የጎማ ርቀቱ 1.48 ሜትር፣ የክብደት ማዕከሉ 0.80 ሜትር፣ ክብደቱ 2,600 ኪሎ ግራም የሆነ ተሽከርካሪ ይወሰድ። ንጥጥሩ 0.93 ገደማ ነው። በ5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ሲደረግ፣ በከፍተኛው ግምት፣ ወደ 0.87 ይወርዳል። በዚያው ላይ 200 ኪሎ ግራም ዕቃ በጣሪያው ፖርቶመጋላ ላይ ሲጫን የክብደት ማዕከሉ ወደ 0.94 ሜትር ይወጣል፣ ንጥጥሩም ወደ 0.79 ያሽቆለቁላል። ከዚህ ስሌት የሚታየው የጣሪያው ጭነት ብቻውን ከከፍታ ጭማሪው የበለጠ ጉዳት ማድረሱ ነው። ዘንጉ በትክክል የተገጠመለት ሆኖ ጣሪያው ላይ ጆንያ የተከመረበት መኪና፣ አሽከርካሪው ማዘንበሉ ስለማይሰማው ብቻ በማይገባው ፍጥነት ኩርባ ሊገባ ይችላል። ዘንጉን የማስተካከል ምክር ጭነቱን ከጣሪያ ወደ ወለል የማውረድና ከፍታን ከሚያስፈልገው በላይ ያለመጨመር ምክር ካልታከለበት ጎዶሎ ነው።

የምርምሩ ድርሻ

በምህንድስና የድኅረ ምረቃ ጥናቶች ዘንድ የተሽከርካሪ እንቅስቃሴ ሲጠና በኮምፒውተር ሞዴል ላይ ማተኮር የተለመደ ነው። ሞዴሉ ጠቃሚ ነው፤ ግን በውስጡ የሚገባው ተሽከርካሪ አብዛኛውን ጊዜ ከፋብሪካ እንደወጣ ያለ ነው። በደባርቅ ጎዳና የሚታየው መኪና ግን ሞላው የተለወጠ፣ ባሌስትራው የተደረበ፣ ጎሚኒው የተበላ ነው። ይህን መኪና የሚያውቀው ባለጋራዡ ነው፤ የሚለካው ግን የለም።

ለልኬቱ ውድ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ደልዳላ ወለል፣ ክሪክ፣ ቱንቢ፣ ሜትርና በአሸዋ የተሞሉ ጆንያዎች ይበቃሉ። በአንድ ወገን የታወቀ ክብደት እየተጫነ አካሉ የሚያዘነብልበት ማዕዘን በአራት ሁኔታዎች ይመዘገባል፤ ዘንጉ በአሮጌ ጎሚኒ፣ በአዲስ ጎሚኒ፣ በረዘመ ማያያዣ እና ወልቆ። ቀጥሎ አንድ ጎማ እየተነሳ ሌላው መሬት የሚለቅበት ከፍታ ይለካል። የመጀመሪያው ልኬት ለአስፋልቱና ለቁልቁለቱ፣ ሁለተኛው ለድንጋያማው መንገድ የተሽከርካሪውን ብቃት ያመለክታሉ። የእያንዳንዱ ማሻሻያ ወጪ ከጎኑ ሲጻፍ ባለንብረቱ በግምት ሳይሆን በቁጥር ይወስናል። ከጥቂት ወራት አገልግሎት በኋላ ቡሎኖችና ማያያዣዎች በስንጥቅ መፈተሻ ቀለም ቢመረመሩ የዘላቂነቱም ጥያቄ መልስ ያገኛል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከአስፋልቱ በአንዱ ጫፍ፣ ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ በቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ይገኛሉ፤ ለእንዲህ ያለ ሥራ የተሻለ ሥፍራ ማግኘት ያስቸግራል።

በቤት ውስጥ የሚደረግን ማሻሻያ ማጥናት ሕገ ወጥነትን ማበረታታት ነው የሚል ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል። ተቃውሞው በከፊል ትክክል ነው፤ ያለ መመዘኛ የሚደረግ ማሻሻያ አደገኛ ነው። ሆኖም ክልከላ ብቻውን በየጋራዡ የሚደረገውን አያስቆምም፤ ከዓይን ያርቀዋል እንጂ። የተሽከርካሪ ምርመራን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 681/2002 ያቋቋመው የቴክኒክ ምርመራ ሥርዓት አለ። መርማሪው ዘንጉ መኖሩን፣ ክንዶቹ አግድም መሆናቸውንና ቡሎኖቹ ምልክት ያላቸው መሆኑን በሁለት ደቂቃ ሊያይ ይችላል፤ ምን ማየት እንዳለበት የሚነግረው መመዘኛ ግን ከልኬት የተገኘ መሆን አለበት። ልኬቱን ማቅረብ የዩኒቨርሲቲው ድርሻ ነው።

መደምደሚያ

የማረጋጊያ ዘንግ ጉዳይ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በአንድ ላንድ ክሩዘር ወይም ሃይሉክስ ውስጥ ታጭቀው ሊማሊሞን የሚወርዱ ነፍሰ ጡር እናት፣ መምህርና ነጋዴ ዘንጉ መኖር አለመኖሩን አይጠየቁም፤ አያውቁምም። ውሳኔው የተሰጠው በጋራዥ ውስጥ፣ ኳኳታን ለማስወገድ ነው። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ በሦስት ነጥቦች ይጠቃለላል። ሰው የሚጭን ተሽከርካሪ ዘንጉን አያውልቅ፤ በአዲስ ጎሚኒ፣ በልኩ በረዘመ ማያያዣ ወይም በሙሉ ብረት ታኮ ወደ ቦታው ይመልሰው። ከፍታና የጣሪያ ጭነት እንደ አንድ ሒሳብ ይታዩ። ሦስተኛም፣ ለዚህ የሚያስፈልገው ልኬት ተሠርቶ ውጤቱ ለጋራዥ ባለሙያዎች በሚገባ አማርኛ በአንድ ገጽ ይሰራጭ። ወጪው አነስተኛ ነው፤ አለማድረጉ ግን ዋጋ የሚያስከፍለው ገደሉ ዳር ነው።